ለድንጋይ የሄደ ቅቤ

ፀዳለ ለኩሽናዋ ድንጋይ ልትመርጥ የሄደችው በደከማት ቅዳሜ ነው። እርግጥ ያልደከማት ቅዳሜ አልነበረም። ጠዋቱን የስልሳ ሁለት ተማሪ ፈተና ስታርም አሳለፈች፤ ቀትር ላይ ምሳ ሠርታ አበላች፤ ከዚያ የባሏን አባት አቶ ዳልጮን ደግፋ ባጃጅ ውስጥ አስገባችና ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ ወረደች። ሽማግሌውን ይዛቸው የወጣችው ምክራቸውን ፈልጋ አልነበረም። ብቻቸውን ብትተዋቸው ይወድቃሉ ብላ ፈርታ ነው። ሚስታቸው ሞተውባቸው ከደጋው አገራቸው ከኦቾሎ ከወረዱ ሰባት ወር ሆኗቸዋል፤ በሰባት ወር ውስጥ ሁለቴ ወድቀዋል።

የድንጋይ ቆራጩ የዳምጤ ግቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ግራይንደሩ ሲጮኽ ሰው ድምፁን ተከትሎ ይገባል። ዳምጤ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ነጭ አቧራ ለብሶ፣ ወፍጮ ቤት ያደረ ሰው መስሎ ወጣ። አፉ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ወደ አገጩ አወረደና ለሽማግሌው ወንበር፣ ለፀዳለ የተገለበጠ ሣጥን አቀረበላቸው።

ኩሽናው አራት ዓመት ሲሠራ የቆየ ነው። ፀዳለ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መሬት ላይ ባለ ምድጃ ጎንበስ ብላ አብስላለች። ሽንኩርት የምትከትፈው ጭኗ ላይ ባስደገፈችው ጣውላ ነው፤ ሀለኮ፣ ያንን የሽፈራው ቅጠል፣ የምትቀነጥበውም፣ ዓሣ የምታጸዳውም እንደዚያው። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ የጀርባዋን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና ከእንግዲህ አትጎንበሺ አላት። ሳቀች። ባሏ ኤፍሬም ግን አልሳቀም። ኤፍሬም የቤተ ክርስቲያናቸው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፣ በጉባኤውም ከሽማግሌዎቹ አንዱ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቃል ሲገባ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ለበሰ፣ ቁም ሣጥኑ ተገጠመ። የቀረው ላዩ ላይ የሚነጠፈው ድንጋይ ብቻ ነበር።

ስለ ኩሽናው ሲነጋገሩ ባልና ሚስት ሌላም ነገር ተነጋግረው ነበር። ከገና በፊት አንድ ማለዳ ፀዳለ የሽማግሌውን አንሶላ አጥባ ስታሰጣ ጀርባዋ ያዛትና ገመዱን ጨብጣ ቀረች። ኤፍሬም ደርሶ ሲደግፋት፣ «አልቻልኩም፤ እንግዲህ ወይ እሳቸው ወይ እኔ» አለችው። ኤፍሬም በዚያው ሳምንት ኦቾሎ ላለው ታናሽ ወንድሙ ደወለ። ኩሽናው እንዳለቀ፣ የበልጉ ዝናብ መንገዱን ሳያበላሽ ሽማግሌው ወደ ላይ ይውጡ ተባለ። ለእሳቸው ግን ማንም አልነገራቸውም። ኤፍሬም ፀዳለ ትንገራቸው ብሎ ተወው፤ ፀዳለ ደግሞ ልጃቸው እሱ ነው ብላ ተወችው።

ዳምጤ ሦስት ቁራጭ ድንጋይ ደረደረላት። አንዱ ነጭ እምነበረድ፣ አንዱ ጥቁር ግራናይት፣ ሦስተኛው ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለ ግራጫ ነበር። ፀዳለ ከቤቷ የወጣችው ጥቁሩን ልትወስድ ነው። ጎረቤቷ አገኘሽ፣ የጉባኤው የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ፣ እንዲህ ያለ ጥቁር አስነጥፋለች፤ ሴቶቹ ሁሉ እየሄዱ ፊታቸውን አይተውበታል።

ዳምጤ የሚቸኩል ሰው አይደለም። ሎሚ ቆርጦ ሦስቱም ላይ አንጠባጠበና የጀመረውን ሊጨርስ ሄደ። ሲመለስ በእጁ ጠረጋቸው። እምነበረዱ ላይ ሎሚው ያረፈበት ቦታ ደብዝዞ ቀርቷል።

«ይቺ ሎሚ አትችልም» አለ። «አንቺ ደግሞ ቲቸር፣ ዓሣ ያለ ሎሚ አትሠሪም። ጥቁሯ ጥሩ ናት፣ አልዋሽሽም። ግን ከእሳት የወጣ ድስት አስቀምጠውባት ተሰነጠቀች እያሉ የሚመጡብኝ አሉ። ግራጫዋ የሳሙና ድንጋይ ናት። ሐይቁ ዳር ሎጅ ሲሠራ ከቦረና በኩል ከመጣው የተረፈች።» ከሰል ላይ ይፈላ የነበረውን የሻይ ማንቆርቆሪያ አነሳና እንዳለ ግራጫው ላይ አስቀመጠው። «ይኸው፣ ምንም አትልም። ጥፋቷ አንድ ነው፤ ለስላሳ ናት፣ ቢላ ይጭራታል። ጭረቱን ግን አንቺው ራስሽ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ ታደርጊዋለሽ፣ ይጠፋል። ግራናይትን አንዴ ከጎዳሻት እኔም አላድናትም።»

አቶ ዳልጮ ከወንበራቸው ተነስተው ግራጫውን በመዳፋቸው ያሹት ጀመር። ስልሳ ዓመት ሸማ የሠሩ እጆች ናቸው፤ ድሩ ላልቶ እንደሆነ ሳያዩ በጣታቸው ያውቃሉ። ደጋግመው አሹት፤ ከዚያ ለፀዳለ በጋሞኛ አንድ ነገር አሏት።

«ምን አሉ?» አለ ዳምጤ።

«ይቺ ሰው አትገፋም አሉ።»

«እዚህ ብቀጥራቸው ምን አለበት» አለ ዳምጤ። «እኔ ይህን ሁሉ ለፍልፌ፣ እሳቸው በአንድ ቃል።»

ፀዳለ ለመጨረሻ ጊዜ ጥቁሩን አየችው። የራሷ ፊት መልሶ አያት። የደከመ ፊት ነበር፤ ከዓይኗ ሥር ያለው ጥላ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ጠዋት ማታ ሽንኩርት ስትከትፍ ይህን ፊት ማየት አላሰኛትም። ግራጫው ይሁን አለች።

ዳምጤ በሳምንቱ መጥቶ ገጠመው። ከፍታውን በሜትር ብቻ አልለካም፤ ፀዳለን ክርኗን አጥፋ እንድትቆም አደረጋትና ከክርኗ አራት ጣት ዝቅ አድርጎ ግድግዳው ላይ አሰመረ። በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ብላ ቆማ ጎመን ከተፈች። ከትፋ ስትጨርስ ሌላ የሚከተፍ ነገር ፍለጋ ዞር ዞር አለች።

ዳምጤ ከመሄዱ በፊት አያያዙን ነግሯቸው ነበር። በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ቅባት ከተቀባ ቀለሙ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ለዚህም ከመድኃኒት ቤት ሽታ የሌለው የፓራፊን ዘይት ተገዝቶ፣ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ በኋላ በየወሩ በጨርቅ ማሸት ነው። «እንደ አራስ ያዟት» አለ፤ «ስትቀባ ወዟ ይወጣል።» አቶ ዳልጮ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳምጤ ባይቀባም ምንም አይሆንም ብሎ ሲጨምር ግን የፀዳለ ስልክ ጮኸ፤ ሽማግሌውም ወደ ድንጋዩ ተመልሰው ነበር። የሰማው የለም።

ፓራፊኑን ፀዳለ ገዛች። መቀባቱን ግን አልቻለችም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ ቤቱን ያደርሳታል፣ ከዚያ ወዲያ አይታዘዝላትም። ጠርሙሱ ሳይከፈት አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን አቶ ዳልጮ፣ ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ እኔ እቀባዋለሁ አሏት። ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት፤ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

ድንጋዩ ጠቆረ። ከደመና ግራጫነቱ እየለቀቀ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሄደ፤ ውስጡ ያሉት ነጫጭ ጅማቶች ጎልተው ወጡ። ፀዳለ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሄዳ ታየዋለች። አንድ ቀን፣ «እጅዎ ይባረክ አባባ፣ አሳመሩት» አለቻቸው። አቶ ዳልጮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ግን በሳምንት አንዴ የነበረው መቀባት በየቀኑ ሆነ። በዚያው ሰሞን ራሴን አመመኝ ይሉ ጀመር። የቆላው ሙቀት ነው ብላ አሰበች። ወደ ላይ ሲወጡ ይሻላቸዋል ብላም ለራሷ ነገረች፤ ይህን ካሰበች በኋላ ግን ድንጋዩ ፊት ብዙ አትቆምም ነበር።

መጋቢት ገባ። ከአባያ የሚነሳው ነፋስ እንኳ ትኩስ ሆኖ ይመጣል። ኩሽናው መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ የቆየ ወተት የሚመስል ነበር፤ ከዚያ ባሰበት። ፀዳለ የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ በፈላ ውሃ አጠበች፣ ቆሻሻውን ደፋች፣ የሞተ አይጥ እንዳለ ብላ ቁም ሣጥኑን ሁሉ አገላበጠች። ያገኘችው የጉንዳን መስመር ነው፤ በመስኮቱ ገብቶ ቀጥ ብሎ ወደ ድንጋዩ ይወጣል። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ከሰዓት የሴቶች ኅብረት ለአዲሱ ኩሽና ሊጸልይ ይመጣ ስለነበር፣ ቶሎ ተመልሼ ሁሉን አጸዳለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቶሎ መመለስ አልተሳካላትም። ስብሰባ ያዛትና የግቢዋ በር ላይ ስትደርስ ሴቶቹም ደርሰዋል። ሰባት ነበሩ፤ ከፊታቸው አገኘሽ መጽሐፍ ቅዱሷን ታቅፋለች። ተሳሳሙ። ጌታ የሰጠሽን እናይልሽ ብለው እየተሳሳቁ ተያይዘው ገቡ።

አቶ ዳልጮ ኩሽናው ውስጥ ነበሩ። እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ሁለት መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ ዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሻሉ። አጠገባቸው የኮባ ቅጠል ተፈቷል፤ ቅጠሉ ላይ ቅቤ አለ። ሴት ልጃቸው ራሳቸውን እንዲቀቡት ከጨንቻ በየወሩ የምትልክላቸው ቅቤ ነው። እያሹ በጋሞኛ ያጉተመትማሉ፤ የሚበላብሽ ይብዛ፣ ጥጋብ ይሁንብሽ፣ ክፉ አይድረስሽ ይላሉ። ሰው መግባቱን አልሰሙም።

ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ሌላዋ የሚያስቅ ነገር ያየች መስሏት ወደ አገኘሽ ዞረች፤ የአገኘሽን ፊት ስታይ ተወችው።

አገኘሽ የደጋ ልጅ ናት። አያቷ ከአንድ ዛፍ ሥር ያለ ድንጋይ እያመለኩ ቅቤ ይቀቡት ነበር፤ አባቷ ያንን ድንጋይ ትቶ ወደ ጉባኤ በሄደ ጊዜ የራሱ ወንድሞች ደብድበውት ሁለት ወር ተኝቷል። ይህን በየምስክርነቱ ትናገረዋለች። አሁን ግን ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ፀዳለ፣ እዚህ ፊት አልጸልይም» አለች።

ፀዳለ ሽማግሌው የተሳሳቱ ነገር እንዳለ፣ ዘይት ይቀባ ተብሎ እንደነበር ልታስረዳ ሞከረች። ለራሷም ጆሮ ሰበብ መስሎ ተሰማት። ሴቶቹ በረንዳ ላይ ቆመው አጭር ጸሎት አደረጉና ሄዱ። ያፈላችው ሻይ ቴርሞስ ውስጥ ቀረ። አቶ ዳልጮ ቅባታም እጃቸውን በፊታቸው ዘርግተው፣ ማን ያብሰው እንደሚሉ ሁሉ፣ በቆሙበት ነበሩ። ፀዳለ ጨርቅ ሰጠቻቸው፤ አላናገረቻቸውም።

ኤፍሬም ወሬው ቀድሞት ገባ። ቢሮው ድረስ ደውለውለታል። አባቱን ሰላም ብሎ አልፎ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጉባኤው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ አለ። ሰው በገዛ ቤቱ ያለውን ሳያስተካክል የሰው ቤት ሊያስተካክል ይቀመጣል ይሉኛል አለ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ለወንድሙ ደወለ፤ ቅዳሜ መጥተህ ውሰዳቸው፣ ዝናቡ እስኪቃረብ አንጠብቅም አለው። ሲናገር በሩን አልዘጋም፤ የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው።

ፀዳለ ሦስት ወር ሙሉ የጠበቀችው ነገር በራሱ እግር መጣ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስታውን ፈለገችው፤ ያገኘችው ድካም ብቻ ነው።

በማግስቱ ዓርብ የግማሽ ቀን ክፍሏን አስተምራ ዳምጤን ጠርታ መጣች። ዳምጤ በሩ ላይ እንደደረሰ አሸተተ፤ ድንጋዩን በጥፍሩ ፋቅ አደረገና ጥፍሩን አየው። ዓቢይ ጾም ነው፤ እጁን ከራሱ አራቀው።

«በጾም አስገደፋችኋት በይኛ» አለ። ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበትና ግድግዳ ይዞ ቆየ። «ቲቸር፣ ይቺ ድንጋይ እኮ አትጠጣም። ቅባት ላይዋ ላይ ይቀመጣል እንጂ ውስጧ አይገባም። የምግብ ዘይት እንኳ ሲከርም ይገማል። ቅቤማ በዚህ ሙቀት።»

«ፓራፊኑስ?»

«እሱ አይበላሽም፣ ለዚያ ነው።»

«ባይቀባስ?»

«ባይቀባማ ምን ትሆናለች፤ ድንጋይ ናት።»

አቶ ዳልጮ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ዳምጤ ሲወጣ ትከሻቸውን ነካ አድርጎ፣ አይዞዎት አባባ፣ ሎጁን የሠራው ሰውዬም የወይራ ዘይት አፍስሶባት አልቅሶ ነበር አላቸው። እውነቱን ይሁን ለማጽናናት አይታወቅም። ሁለት ዓይነት የብርጭቆ ወረቀት ትቶ ሄደ። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ሦስቴ ይታጠብ፤ የሚያጣብቀው ቦታ ካልለቀቀ በሻካራው ይፈተግ፣ ከዚያ በለስላሳው።

ፀዳለ ውሃ አፍልታ ጀመረች። ቅባቱ በቀላሉ አይለቅም። አንዱን ጫፍ ስታነጻ ሌላው ጫፍ መልሶ ያብለጨልጫል። ሦስተኛውን ውሃ ስታነሳ ጀርባዋ ያዛት፤ ቀስ ብላ ጉልበቷን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አቶ ዳልጮ ከደጃፉ ተነስተው መጡ፤ ስፖንጁን ወሰዱ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በድር መሃል መወርወሪያ እንደሚያሳልፍ ሸማኔ በአንድ ልክ ያሹ ጀመር።

«የሰጠሁዎትን ለምን አልቀቡም?» አለች በመጨረሻ።

«ያ ለሆዴ የተሰጠኝ መድኃኒት ነው። ነርሷ የሰጠችኝ፣ አንድ ነው፣ ጠርሙሱም አንድ ነው። ሆድ ለደረቀበት ሰው የሚሰጥ ነገር አዲስ ቤት ይቀባል? አሳዘንሽኝ። ጊዜ አጥታ ያገኘችውን ገዝታ መጣች ብዬ ዝም አልኩ።» ስፖንጁን ጨመቁ። «ሰውዬው አራስ ናት አለ። አራስ በምን ትቀባለች? ቤት ሲቆም ምሰሶው በምን ይቀባል?»

«ይጸልዩበት የነበረውስ?»

«ለእግዚአብሔር ነዋ። ድንጋይ ጆሮ የለውም። እኔ ሸማኔ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።»

ፀዳለ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ ጀርባዋ ላይ ወጋትና አቆመችው። ያኔ ነው የራስ ምታታቸው ከየት እንደመጣ የገባት። የወር ቅቤያቸውን ራሳቸው ላይ ማድረግ ትተው ድንጋዩ ላይ ጨርሰውታል።

«ነገ ነው አይደል?» አሉ ሽማግሌው፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቀችም። «ነው።»

«እስከ ነገ ይነጻል።»

ውሃውን ደፍተው ሌላ ቀዱ። ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ፀዳለ ልትነሳ ሞክራ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አባባ፣ መሄድ ይፈልጋሉ?»

አቶ ዳልጮ ስፖንጁን አስቀመጡ። እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልጠየቃቸውም ነበር፤ ሲወርዱም አልጠየቃቸውም።

«ትንሹ ልጄ ክፉ ሰው አይደለም» አሉ። «ቤቱም ጥሩ ነው። ግን ኦቾሎን ታውቂዋለሽ፤ ከቤት ወጥቼ አለት ለአለት መሄድ አልችልም። እሳት ዳር ያስቀምጡኛል። ከዚያ ይጠብቃሉ።»

«ምን ይጠብቃሉ?»

«እኔን ነዋ።»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ፤ አለፈ።

«እዚያ ማንም አይቆጣኝም» አሉ ቀጥለው። «ቅቤ ብደፋ፣ ብወድቅ፣ ምንም ባደርግ ዝም ነው የሚሉኝ። እዚህ ግን አንቺ ከትናንት ጀምሮ አላናገርሽኝም።» ይህን እንደ ወቀሳ አላሉትም። «ብትፈልጉ እሄዳለሁ። አልፈልግም ግን። ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ።»

ፀዳለ አንሶላውን አሰበች። ማታ ማታ ለብቻ የሚሠራላቸውን ገንፎ፣ ገላቸውን ማጠቡን፣ ደረጃውን፣ ሌሊት የሚነሱበትን አሰበች። አገኘሽን አሰበች፤ እሑድ ከጉባኤ ሲወጣ ሴቶቹ እንዴት ሰላም እንደሚሏት። አንዱም አልቀለለም። ሁሉም ትናንት የነበረበት ቦታ፣ በነበረው ክብደት አለ። የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ እስከ ዛሬ ሽማግሌው ምን እንደሚፈልጉ አታውቅም ነበር፤ አሁን አወቀች። ባታውቅ በቀለላት።

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና ለባሏ ወንድም ደወለች። ነገ አትምጣ አለችው። ወንድምዬው ምን ተፈጠረ ብሎ ደነገጠ፤ ምንም አልተፈጠረም፣ አባባ እዚሁ ይቆያሉ አለችው። በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሲለቀቅ ሰማች። ባለቤቱ እንደታመመች፣ ልጆቹም ትናንሽ እንደሆኑ፣ እንቢ ማለት ከብዶት እንጂ እንዴት እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት እንደነበር ነገራት። እግዚአብሔር ይስጥሽ አላት፤ ሦስቴ ደጋገመው። አቶ ዳልጮ ጀርባቸውን ሰጥተው ሻካራውን ወረቀት ይፈትጉ ነበር። ስልኩን ስትዘጋ አልዞሩም፤ እጃቸው ግን ለጥቂት ጊዜ ቆሞ፣ ከዚያ ቀጠለ።

ኤፍሬም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። ድንጋዩ ነጽቶ እንደ መጀመሪያው ቀን ግራጫ ሆኗል፤ አባቱ ድካም ጥሏቸው ሳሎን ተኝተዋል። ፀዳለ ቅዳሜ የሚመጣ ሰው እንደሌለ ነገረችው። ቆሞ አያት። ከዚያ ጉባኤው ፊት ምን ልበል አለ፣ እንደ ትናንቱ።

«ሚስቴ እምቢ አለች በል።»

«አገኘሽስ?»

«እሷን እኔ አናግራታለሁ። አባቷ የተደበደበው ምን አስበህ ነው ብሎ ሰው ሳይጠይቀው ነው፤ ይገባታል። ባይገባትም እንግዲህ።»

የኤፍሬም ትከሻ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ ፀዳለ አየችው። ስልኩ ላይ የሰማችው ትንፋሽ ዓይነት ነበር። ባሏም ሲጠብቅ የቆየው እሷ እንድትናገርለት እንደሆነ ያኔ ተረዳች። አባቱን ወደ ተራራ የሚልክ ልጅ መሆን አልፈለገም፤ አልልክም የሚልም መሆን አልፈለገም። ሁለቱን ወንድማማቾች ያሳረፈ ውሳኔ በእሷ ጀርባ ላይ ተጫነ።

«አመሰግናለሁ» አላት።

«አታመስግነኝ። ከዛሬ ጀምሮ እሳቸውን የምታጥበው አንተ ነህ። አንሶላውንም አንተ። ሌሊት ሲነሱም የምትነሳው አንተ።»

«እኔ?»

«አባትህ ናቸው።»

ኤፍሬም ኮቱን አወለቀና ወንበር ላይ ሰቀለው። የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ፤ አንዱን ሰብስቦ ሌላውን ረሳው። ወደ ጓሮው በር ሄዶ ቆመ፣ ግራና ቀኝ አየ፣ ተመለሰ። በዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል።

«ሳፋው የት ነው ያለው?» አለ።

ፀዳለ ሳትነሳ በአገጯ አሳየችው።